ወጣት ሆኖ ግፊት? “ጭንቀት ነው” ብለን አንለፈው



በኢንቦክስ ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ በየሳምንቱ ይመጣል። ቃሉ ትንሽ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። “ዶክተር፣ ዕድሜዬ 20ዎቹ ውስጥ ነው፣ ግፊቴ 170 ምናምን ሆነ፣ ታይቼ ‘ጭንቀት ነው፣ ጨው ቀንሺ’ ተባልኩ፤ እውነት ጭንቀት ነው?” በመልእክት ሰው አይመረመርም፤ ስለዚህ “አቅራቢያሽ ያለ ሐኪም ዘንድ ሂጂ” ብዬ አልፋለሁ። ይሄ መልስ ግን ለራሴም አይጥመኝም። ምክንያቱም ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ ሐኪሙም እኔ ሆኜ፣ ነገሩ ያመለጠኝ ታካሚ አለችኝ።

ከግምጃ ቤት ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች የ24 ዓመት ሴት ናት። (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ የት እንዳየኋትም ይቅር።) ካገባች ዓመት አልሞላትም። እናቷ አብረዋት መጥተዋል፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ። ስድስት ወር የቆየ ራስ ምታት አላት። ከእኔ በፊት ሁለት ቦታ ታይታ፣ አንዱ ቦታ ማስታገሻ ሰጥተዋታል፣ ሌላው ቦታ “አዲስ ትዳር ስለሆነ ጭንቀት ነው” ብለዋታል። ግፊቷ 180 በ110።

ሽንትና የኩላሊት ምርመራ አዘዝኩ። ክሬቲኒኗ 0.9 ሆኖ መጣ፣ ጥሩ ነው። ኢናላፕሪል ጻፍኩላትና “በወር ተመለሽ” አልኳት። መድኃኒቱ ጽንስ ይጎዳል፤ እርጉዝ መሆን አለመሆኗን ግን በደንብ አልጠየቅኳትም። ካርዷ ላይ የሰፈረው የግፊት ቁጥርም አንድ ብቻ ነው፤ የትኛው እጅ እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም። ያን ቀን ውጭ ወንበሩ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ምክንያት እየደረደርኩ አይደለም፤ እንዴት እንደሚያመልጥ እንዲገባችሁ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ድካምና ማቅለሽለሽ ጨምሮባታል። ግፊት የምትለካው ሲስተር ወደ እኔ ገብታ፣ “ዶክተር፣ ማሽኑ ተበላሸ መሰለኝ፤ ቀኝ እጇን ስለብሰዋለሁ የለበሰችው ጠባብ ሆኖብኝ ወደ ግራ ባዞረው ኢረር ይላል። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። በራሴ እጅ ስሞክረው ግን ይሠራል” አለችኝ። ማሽኑ አልተበላሸም። የግራ እጇን የልብ ትርታ በጣቴ ስፈልገው እንደ ቀጭን ክር ሆኖ እየመጣ ይጠፋል። ቀኟ 175 ነው፤ ግራዋን በእጅ በሚነፋው መለኪያ ደጋግመን ለክተን በግድ 110 አገኘን። ከእምብርቷ ከፍ ብዬ ማዳመጫ ሳስቀምጥ ከእያንዳንዱ ምት ጋር ሹ… ሹ… የሚል ድምፅ አለ። ክሬቲኒኗ 2.3 ሆኖ መጣ።

ምን እየሆነ ነበር?

እያንዳንዱ ኩላሊት ከዋናው የደም ቧንቧ ተገንጥሎ የሚመጣ የራሱ ደም ቅዳ አለው። እረፍት ላይ ባለ ሰው ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ገደማ፣ ማለትም በደቂቃ ከአንድ ሊትር በላይ፣ ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። ያ ቧንቧ ሲጠብ የሚፈጠረውን ነገር አዊ ውስጥ በመስኖ ድንች ያለማ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ከላይ ያለ ሰው ቦዩን በድንጋይ ቢያጠበው፣ ከታች ያለው ባለማሳ ወንዙ የደረቀ ይመስለዋል። ወንዙ ግን ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ኩላሊትም እንደዚያ ይሳሳታል። የሚደርሰው ደም ሲያንስበት “ሰውነት ውስጥ ደም አልቋል” ብሎ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ሬኒን አንጂዮቴንሲን የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ያስነሳል፤ እሱ ደግሞ የመላ ሰውነትን ደም ቅዳዎች ያጠባብቃል፣ ጨውና ውሃ በሽንት እንዳይወጣም ያደርጋል። ግፊት ይወጣል። (ሕዝቡ “ደም ብዛት” የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል፤ ደሙ አልበዛም፣ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ነው የጨመረው።)

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። ሃሪ ጎልድብላት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ሥራ የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በትንሽ ብረት ቆንጥጦ ሲያጠበው ግፊታቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። ዘጠና ዓመት አለፈው።

ቧንቧውን የሚያጠበው ምንድን ነው? ዕድሜው በገፋ፣ በተለይ ሲጋራ በሚያጨስ፣ ስኳር ወይም ኮሌስትሮል ባለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የስብ ክምችት ነው። የልብን ቧንቧ የሚደፍነው ያው ነገር ነው። በወጣት ላይ ግን ሌላ ነው። አንዱ የቧንቧው ግድግዳ ራሱ አስተዳደጉ ተዛብቶ እንደ መቁጠሪያ ጨሌ እያበጠና እየጠበበ የሚሄድበት፣ ሴቶችን የሚያበዛ ችግር ነው። ሌላው ታካያሱ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1908 በአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ውስጥ ያየውን የደም ሥር ለውጥ ባቀረበው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ስም ነው የሚጠራው። የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን ትልልቅ ደም ቅዳዎች ሲያጠቃ የሚመጣ ብግነት ነው። የኩላሊቱን ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል፤ ወደ እጅ የሚሄደውንም ሊያጠብ ይችላል። “ትርታ አልባ በሽታ” የሚል ሌላ ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ሲጀምር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ስላለው እኛ አገር መጀመሪያ ሰው ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ቲቢ ነው።

ታካሚዬ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ላይ ነበር የጠበበው። አሁን ኢናላፕሪሉ ለምን ክሬቲኒኗን እንዳዘለለው ግልጽ ነው። በጠበበ ቧንቧ የሚመገብ ኩላሊት ማጣራቱን የሚቀጥለው በዚያው በአንጂዮቴንሲን ድጋፍ ነው። ኢናላፕሪል ያንን ድጋፍ ያነሳል። አንዱ ኩላሊት ብቻ ቢሆን ጤነኛው ይሸፍነው ነበር፤ ሁለቱም ሲሆኑ የሚሸፍን የለም።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይሄን አንብባችሁ ነገ ኢናላፕሪላችሁን እንዳትጥሉ። በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ መነሻው በብራዚል እባብ መርዝ ላይ የተደረገ ጥናት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የስንቱን ሰው ልብና ኩላሊት እንዳተረፈ ተቆጥሮ አያልቅም። ስኳር ላለበት ሰው ኩላሊቱን የሚጠብቅለት እሱ ነው። ችግሩ መድኃኒቱ አይደለም፤ ጽፎ መርሳት ነው። ይሄን መድኃኒት፣ ወይም እንደ ሎሳርታን ያለውን ዘመዱን፣ የጀመረ ሰው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ተመርምሮ ከመጀመሪያው ጋር መነጻጸር አለበት። ክሬቲኒን ትንሽ ከፍ ቢል አያስደነግጥም፣ እስከ 30 በመቶ ድረስ ብዙውን ጊዜ እንታገሳለን። ከዚያ ካለፈ መድኃኒቱን አቁሞ “ለምን?” ብሎ መጠየቅ የሐኪሙ ሥራ ነው። እኔ በሁለት ሳምንት ባያት ኖሮ ጭማሪውን ገና ሳይርቅ አገኘው ነበር።

ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ስለ ኩላሊት ቧንቧ ሲወራ ሁሉም ሰው ወዲያው ሲቲ ስካን የት አለ፣ ስቴንት የት ይገባል ወደሚለው ይሮጣል። ከግምጃ ቤት ተነስቶ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ በዳንግላ በኩል ባህር ዳር፣ ከእንጅባራ ብቻ እንኳ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ያ መንገድ የሚጠቅመው መጀመሪያ የጠረጠረ ሰው ሲኖር ነው። ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ደግሞ በየጤና ተቋሙ አለ፤ ግፊት መለኪያ፣ ማዳመጫ፣ ሁለት ጣት፣ እና ሁለተኛ ክሬቲኒን። እኛ የጎደለን ሁለተኛውን እጅ የመለካትና ሁለተኛውን ክሬቲኒን የማዘዝ ልማድ ነው።

“አንድ ሐኪም በቀን ስንት ሰው እያየ?” የሚል የሙያ ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ግን ሁሉም ሰው ላይ ይደረግ እያልኩ አይደለም። አብዛኛው የደም ግፊት አንድ የሚጠቀስ መንስኤ የለውም፤ የኩላሊት ቧንቧ ምርመራ ለሁሉ ማዘዝ የታካሚን ገንዘብ ማባከን ነው። የምለው ለተመረጡት ነው። ግፊቱ ከ30 ዓመት በፊት የጀመረው፤ ወይም ደህና ኖሮ ከ55 በኋላ ድንገት ከባድ ግፊት የመጣበት። አንዱ ሽንት የሚያሸና ሆኖ ሦስት መድኃኒት በትክክል እየዋጠ የማይወርድለት። ኢናላፕሪል ጀምሮ ክሬቲኒኑ የዘለለበት። ሌሊት በድንገት ሳንባው ውሃ ሞልቶ ትንፋሽ አጥሮት የሚመጣ፣ በተለይ ደግሞ ሲደጋገምበት። በተራ አልትራሳውንድ አንዱ ኩላሊቱ ከሌላው ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ያጠረበት። እነዚህ ላይ ሁለቱን እጅ መለካት፣ ሆድ ማዳመጥ፣ የእግርንም ትርታ መዳሰስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። (እግር ያልኩት ዋናው የደም ቧንቧ ራሱ ከትውልድ የጠበበባቸው ወጣቶችም ስላሉ ነው፤ እነሱ ላይ የእጅ ግፊት ከፍ ብሎ የእግር ትርታ ይደክማል።)

ከተጠረጠረ በኋላ ያለው ምርመራ ደረጃ አለው። ዶፕለር አልትራሳውንድ ጨረርም መርፌም የለውም፤ ነገር ግን በሚሠራው ባለሙያ ልምድ ይወሰናል፣ ሆድ ውስጥ ጋዝ ከበዛም ያስቸግራል። በመርፌ መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሳው ሲቲ ቧንቧውን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ መድኃኒቱ ግን የደከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የቅርብ ክሬቲኒን ሳይታይ አይነሳም። ኤምአርአይም አለ። የመጨረሻው በካቴተር ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ማየት ነው፤ እሱ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ለማከም ሲታሰብ ነው።

ሕክምናው ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር አለኝ፤ ይሄኛው ከቤተሰቦች ጋር ነው። “ቧንቧው ከጠበበ ይከፈታ!” ይላሉ። አባታቸው 68 ዓመታቸው ነው፣ የኩላሊት ቧንቧቸው ጠቦ ተገኘ፣ ልጆች ተሰብስበው ህንድ ለመላክ ቤት ሊሸጡ ነው። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል። የታሪኩ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ከጎልድብላት በኋላ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ግፊት ያለበት ሰው አንዱ ኩላሊቱ ትንሽ ሆኖ ሲገኝ ያንን ኩላሊት ያወጡ ነበር። አንዳንዱ ዳነ። ብዙው ግን ኩላሊቱንም አጣ፣ ግፊቱም አብሮት ቀረ። የጠበበ ቧንቧ መታየቱና ግፊቱን ያመጣው ያ ቧንቧ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለዓመታት የቆየ ግፊት ራሱ ቧንቧ ያጠባል።

በእኛ ዘመን ይሄ በትልልቅ ጥናት ተፈትኗል። በስብ ክምችት የጠበበባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በመድኃኒት ብቻ፣ ግማሹን በመድኃኒትና ቧንቧ በመክፈት አከሙ። አስትራል የተባለው ጥናት 806 ሰዎች ነበሩበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ኮራል የተባለው 947 ሰዎችን ይዞ በ2014 ታተመ። ሁለቱም ላይ ቧንቧውን መክፈት በመድኃኒት ብቻ ከመታከም የተሻለ ጥቅም አላሳየም፤ አስትራል ላይ እንዲያውም ከሂደቱ ጋር በተያያዘ የሞቱና እግር ወይም ጣት የተቆረጠባቸው ነበሩ። ስለዚህ እኚህ አባት የግፊት መድኃኒታቸውን በትክክል ይውሰዱ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ይጀምሩ፣ ሲጋራ ካለ ይቁም፣ ለወገብ ሕመም እያሉ ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክ ይቅር፤ እሱ ግፊትም ያወጣል ኩላሊትም ይጎዳል። ቤቱ ባይሸጥ እመርጣለሁ።

ይሄን ስል “ስቴንት ዋጋ የለውም” ማለቴ አይደለም። ሳንባቸው ደጋግሞ ውሃ ለሚሞላ፣ ግፊታቸው በምንም ለማይወርድ፣ ኩላሊታቸው ዓይናችን እያየ በፍጥነት ለሚደክም ሰዎች መክፈቱ ይታሰባል፤ እነዚያ ጥናቶች ውስጥ እንዲህ ያሉት ጥቂት ነበሩ። እንደ ጨሌ የሚጠበው ዓይነት ያለባት ወጣት ደግሞ በባሉን ብቻ ተከፍቶላት፣ ስቴንት ሳያስፈልግ፣ ከመድኃኒት ልትገላገል ትችላለች። ታካያሱ ላይ ግን ችኮላ ይጎዳል። ብግነቱ ሳይበርድ የተከፈተ ቧንቧ መልሶ ይጠባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በፕሬድኒሶሎንና መሰል መድኃኒቶች እሳቱን ማጥፋት ነው። ማለትም ለባለ 68 ዓመቱ “ተረጋጉ” እያልኩ ለባለ 24 ዓመቷ “ፍጠኑና ፈልጉ” እላለሁ። እኛ አገር የማየው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለሽማግሌው ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ወጣቷ “ጭንቀት ነው” ትባላለች።

ወጣቷ ብታመልጠን ምን እንደሚጠብቃት ታውቃላችሁ። በወጣትነት ስትሮክ፣ ወይም ኩላሊት ማጣት። የኩላሊት ንቅለ ተከላ አገራችን ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ነው፤ ዲያሊሲስ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው። ለገጠር ሰው ብዙውን ጊዜ ከተማ ገብቶ ቤት መከራየት ማለት ነው፤ ማሳውን ትቶ፣ ከብቱን ሸጦ።

ከተማ ላላችሁት፣ ቤታችሁ ዲጂታል መለኪያ ላላችሁ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንድ፣ ወጣት ሆናችሁ ግፊት ካላችሁ፣ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ሁለቱንም እጅ ለኩ። ትንሽ ልዩነት የተለመደ ነው፤ ደጋግማችሁ ለክታችሁ የላይኛው ቁጥር ከ10 በላይ ከተለያየ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ከ20 ካለፈ ወይም በአንዱ እጅ ማሽኑ እምቢ ካለ ባትሪ እየቀየራችሁ አትቆዩ። እጅ ለመጣጥፍና ለጆንያ የሚሰንፍ፣ ጸጉር ስትሠሪ የሚዝል ከሆነም ተናገሪ፤ ብዙ ሴቶች ይሄን እንደ በሽታ አይቆጥሩትም። ሁለት፣ የክሬቲኒን ውጤታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ፣ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ያለውን በተለይ። ወረቀቱ ይጠፋል፣ ካርድ ክፍሉ አያገኘውም፣ አዲሱ ሐኪም 1.3 አይቶ “ደህና ነሽ” ይላችኋል፤ የዛሬ ወር 0.7 እንደነበር የሚያውቀው ስልካችሁ ብቻ ነው። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የምትወስዱ እርግዝና የምታስቡ ሴቶች ደግሞ ከማርገዛችሁ በፊት ተናገሩ፣ በሌላ መድኃኒት ይቀየራል።

የታካሚዬን ነገር ልጨርስ። ኢናላፕሪሉን አቁመን አምሎዲፒን ጀመርንላት፤ ሪፈሩ ላይ የሁለቱን እጅ ቁጥርና ሁለቱን ክሬቲኒን ጎን ለጎን ጻፍኩ። እርጉዝ አልነበረችም። ባህር ዳር በሲቲ የሁለቱም ኩላሊት ቧንቧና ወደ ግራ እጅ የሚሄደው ጠቦ ተገኘ፣ ታካያሱ ነው ተባለ። ክሬቲኒኗ ወደ 1.1 ወርዷል፣ ግፊቷ በቀኝ እጅ 140 አካባቢ ነው። የግራውን አንቆጥረውም፣ እሱ ይዋሻል። ባሉኑ ብግነቱ እስኪበርድ ይቆያል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ባሉኑ አልነበረም፤ “ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ?” ነው ያለችኝ። አሁን አይደለም፣ በሽታው ከተኛና መድኃኒቶችሽ ከተስተካከሉ በኋላ በክትትል ይቻላል አልኳት። እናቷ መልሴን በአገውኛ ደግመው ነገሯት፤ በደንብ እንደሰማች እያወቁ።

ሲስተሯ አሁን ወጣት በመጣ ቁጥር ካርዱ ላይ “ቀኝ” እና “ግራ” ብላ ሁለት መስመር ትሠራለች። የታካሚዬ ክሬቲኒን የሚደገምበት ቀጠሮ ደግሞ በገበያ ቀን ሆኗል። የመረጡት እናቷ ናቸው፤ ድንች ሊሸጡ ለሚመጡት ለምን ሌላ ቀን ትራንስፖርት ይክፈሉ?